ከኮምፔንሳቶው ወዲያ

ደበሌ በሞተበት ቀን ፒያሳ ውስጥ እሪ ያለ ሰው አልነበረም። ሱቁ በር ላይ ተሰብስቦ አንገቱን ያሰገገው ሁሉ የሚያየው ሬሳውን ሳይሆን የቀፎውን ክምር ነበር። አልፈርድባቸውም። ደበሌ አሮጌ ስልክ በጆንያ እየገዛ፣ እየፈታታ፣ የአንዱን ስክሪን ለሌላው እያጋባ የሚሸጥ ነጋዴ ነበር። ሲገዛ «ይሄማ ቆሻሻ ነው» ይላል፤ ያንኑ ሲሸጥ «ከአዲስ በምን ያንሳል!» ብሎ በእናቱ ይምላል። ሀዋሳ ውስጥ ስልክ ይዞ እሱን ያልረገመ ሰው ካለ አላጋጠመኝም።

ጊዜው የሁለት ሺህ ስምንት ክረምት ነው፤ መብራት እንደ ልቡ የሚሄድበትና የሚመጣበት።

ሬሳው የተገኘው ከሱቁ ጀርባ ባለችው ጓዳ ነው። መስኮት የላትም። አንደኛው በሯ ወደ ሱቁ፣ ሌላኛው ወደ ግቢው ይከፈታል፤ ከጎረቤት የልብስ ሰፊዋ ክፍል ጋር የሚለያት ደግሞ አንድ ስስ ኮምፔንሳቶ ብቻ ነው። ደበሌ ከጠረጴዛው ሥር በጀርባው ተንጋሏል። ጭንቅላቱ ከኋላ ተፈንክቷል። በቀኝ እጁ የመበየጃውን ብረት ይዟል፤ ብረቱ መዳፉን ጠብሶታል፤ ገመዱ ከእጀታው አጠገብ ተልጦ መዳቡ ይታያል።

ሳጅን አለሙ ኢንስፔክተር ፀሐይን የጠበቃት ነገሩን ጨርሶ ነበር።

«ግልጽ ነው ኢንስፔክተር» አለ። «ጠዋት መብራት ጠፋ። የጥገና ሠራተኛው ፍፁም መበየጃውን ሶኬት ላይ እንደሰካው ለምሳ ወጣ። መብራት መጣ። ሟች ብረቱን አነሳ፤ ኮረንቲው ያዘው፤ ወደ ኋላ ወረወረው፤ ጭንቅላቱ ሲሚንቶው ላይ አረፈ። ፍፁም ከምሳ ሲመለስ አገኘውና ጮኸ። ገመዱ መላጡን ያውቅ እንደነበር ራሱ አምኗል። በቸልተኝነት ሰው መግደል ብዬ አስሬዋለሁ።»

ፀሐይ ሬሳውን ዞር ዞር ብላ አየች። ረጅም፣ ፊቷ የማይፈታ፣ ሰው ቤት ስትገባ እንኳ እንዴት ዋላችሁ የማትል ሴት ናት፤ ባልደረቦቿ በሌለችበት «ሬት» ይሏታል። ጉልበቷን እያመማት ተንበረከከችና የሟቹን የሸሚዝ ኪስ በእስክሪብቶ ገለጥ አደረገች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«መነፅር ነው። የማንበቢያ ይመስለኛል።»

«ታጥፎ፣ ማኅደሩ ውስጥ ገብቶ፣ ተዘግቶ። አንተ፣ አንድ የሃምሳ አምስት ዓመት ሰው የጤፍ ቅንጣት የምታክል ነገር ለመበየድ ቁጭ ብሎ መነፅሩን ኪሱ ይከታል?»

«ምናልባት…»

«ምናልባትህን ለራስህ ያዛት። መዝገቡ አይዘጋም።»

ስትወጣ በሩ ላይ አንዲት ሴት ቆማ ጠበቀቻት። እታፈራሁ ናት፤ ያቺ ጎረቤት ልብስ ሰፊ፣ የታሰረው የፍፁም ታላቅ እህት። እናታቸው ከሞተች ወዲህ በመርፌዋ ያሳደገችው እሷ ናት።

«አደጋ ነው አይደል?» አለች፤ ድምጿ ልመናም ጠብም ነበረበት። «ሳጅኑ አደጋ ነው ብሏል። ቸልተኝነት ነው ብሏል።»

«ወንድምሽ በቸልተኝነት መታሰሩ ደስ አሰኘሽ?»

«ምን ቆርጦኝ ደስ ይለኛል! ግን ያለቀ ነገር አይጎርጎር። ተዉት በቃ!»

ለምን እንዲህ እንደምትል ፀሐይ ባይገባትም እኔ ልናገር። ቸልተኝነት ከሆነ ፍፁም ጥቂት ዓመት ታስሮ ይወጣል፤ ጎረምሳ ነው፣ ዕድሜ ይተርፈዋል። ግድያ ከተባለ ግን ዕድሜው እዚያው ያልቃል። እታፈራሁ ሁለቱን መዝና አንዱን መርጣለች። ስለዚህም ይቺን ጎርጓሪ ሴትዮ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ጠላቻት።

ለቅሶው ታቦር ሰፈር፣ ደበሌ ቤት ነበር። ድንኳኑ ሞልቷል፤ ሰው ካርታውን ይጫወታል። የሟች ሚስት ፅጌ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተቀምጣለች፤ ከሻሿ ሥር ግን አንደኛው የፀጉሯ ወገን ተጠቅልሎ፣ ሌላው ተበታትኖ ይታያል።

«ምነው፣ ፀጉሬን ነው የሚያዩት?» አለች ፅጌ። «ፀጉር ቤት ነበርኩ። ካስክ ውስጥ ከገባሁ በኋላ መብራት ጠፋ፤ ይመጣል ስል ቢጎዲኔን ተሸክሜ ዋልኩ። ልክ መጣልኝ ስል የባሌን መርዶ አመጡልኝ። ይጠይቁ፤ ያየኝ ሴት ሙሉ ነው።»

«ትወጂው ነበር?»

«ማንን? እሱን?» ፅጌ ድንኳኑ ውስጥ መሆኗን ረስታ ሳቀች። «ገበያ ላይ ጆንያ አንጥፎ ራዲዮ ሲቸበችብ ነው ያገባኝ። ሀብቱ ከተማ ገባ፣ ምላሱ እዚያው ጆንያው ላይ ቀረ። የስልክን ባትሪ ምን እንደሚለው ያውቃሉ? ድንጋይ! ‹ድንጋዩ አብጧል፣ ድንጋዩን አውጣው።› ሀብታም ነኝ ባይ ነጋዴ፣ በአይፎን ባትሪ ላይ ድንጋይ! ደንበኛ ይስቅበታል፤ እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እላለሁ።»

«ማን ገደለው ትያለሽ?»

«ያ ፍፁም ነዋ! እህቱን ከሱቋ ሊያስለቅቅበት ነበር። ቸልተኝነት ምናምን እያላችሁ ልታስመልጡት ነው? ደም አለበት!»

ያሉት ሁሉ ዞር ብለው አዩአት። ፅጌ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ ለቅሶዋን ቀጠለች።

ኑሪ ደግሞ የደበሌ ሸሪክ ነው፤ መርካቶ ወርዶ አሮጌውን ስልክ በጆንያ የሚያመጣ። ፒያሳ ካፌ ውስጥ አገኘችው። ሳትጋበዝ ስትቀመጥ ፊቱ ተቋጠረ።

«እኔ እዚሁ ወንበር ላይ ነበርኩ» አለ። «ማኪያቶ አዝዤ፣ መብራት የለም ብለው ሻይ ነው ያመጡልኝ። አስተናጋጇ ትመስክር፤ ተጨቃጭቀናል።»

«ከደበሌም ጋር ትጨቃጨቁ ነበር አሉ።»

«ከማን ጋር ያልተጨቃጨቀ? ሰውዬው እኮ ሰው ነው ለማለት ይከብዳል። ለታናሹ ቀርቶ ለታላቁ ክብር አልነበረውም። አቶ ባዬን ያውቋቸዋል? የሱቆቹ ባለቤት፣ የእድራችን ዳኛ?»

«ስማቸውን ሰምቻለሁ።»

«ድሮ እሳቸው ብቅ ሲሉ ደበሌ ከወንበሩ ይዘል ነበር። ‹ይግቡ፣ ይቀመጡ፣ ምን ይጠጣሉ› ሲል አፉ አይያዝም። አንተ የማይለው ሰው ቢኖር እሳቸውን ብቻ ነበር። ሰሞኑን ግን እግሩን ዘርግቶ ይቀበላቸው ጀመር። በእሱ ፈንታ እኔ አፈርኩ። ‹ምነው ደበሌ፣ ሽማግሌ አይደሉ?› ብለው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹የዚህን ሽማግሌ ድምፅ ብትሰማው አንተም አትነሳለትም።›»

«የምን ድምፅ?»

«እኔ ምን አውቄ። ብቻ እሳቸውም ዝም አሉት፤ እንዲያውም የልብስ ሰፊዋን ክፍል አፍርሼ ልቀላቅለው ሲል ‹ልቀቂ› አሏት።»

«ተከራይ አከራዩን ያዛል እንዴ?»

ኑሪ አፉን ከፈተ፤ ያሰበበት አይመስልም ነበር። «አላህ ይወቅ» አለና ወደ ሻዩ ተመለሰ።

አቶ ባዬ ብቻ በትህትና ተቀበሏት። ቤታቸው ከሱቆቹ ጀርባ፣ እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። ሽበታቸው የተከበረ፣ ንግግራቸው የለዘበ ሰው ናቸው፤ «ግቢ ልጄ፣ ግቢ» ብለው ወንበር ራሳቸው ጠረጉላት።

«እንግዲህ እኔ ከምሳ በኋላ ጋደም የማለት ልማድ አለኝ» አሉ። «የዚያ ልጅ ጩኸት ነው የቀሰቀሰኝ። አደጋ ነው መቼም፤ ነፍሱን ይማር።»

«ቆጣሪዎቹን ያሳዩኝ።»

ቆጣሪዎቹ ያሉት በግቢው ጥግ ባለች ጨለማ መተላለፊያ ነው፤ የደበሌ ጓዳ የጀርባ በርም የሚከፈተው ወደዚያው ነው። አቶ ባዬ ገና ሲገቡ ኮታቸውን በቀኝ በኩል ዳበሱ። ቆም አሉ። ከዚያ ከግራ ኪሳቸው ክብሪት አወጡና ጫሩ። ፀሐይ ቆጣሪውን ሳይሆን እጃቸውን ነበር የምታየው።

«እታፈራሁን ለምን ልቀቂ አሏት?»

«ደበሌ አጥብቆ ለመነኝ። አሁንማ ትቀመጥ፤ እሷም ልጄ ናት።» ክብሪቱ ጣታቸው ጋ ደርሶ ጠፋ።

ፍፁም ጣቢያ ውስጥ ጠበቃት፤ ጠበቃት ማለት እንኳ አይቻልም፣ ጀርባውን ሰጥቷት ነበር።

«ሌላ የምትጨምሩብኝ ነገር ተገኘ?» አለ።

«መበየጃውን ሰክተኸው ነው የሄድከው?»

«ነቅዬ ነው! መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ የምነቅለው እሱን ነው። ገመዱ እንደተላጠ አውቃለሁ ስላችሁ ትጽፋላችሁ፤ ነቅያለሁ ስላችሁ ግን ጆሯችሁ ይደፈናል።»

«ደበሌ ይበይድ ነበር?»

«እሱ? ከሰው ላይ መላጥ እንጂ መበየድ አያውቅም።»

«አሮጌ ስልክ ስትገዙ መጀመሪያ ምን ታደርጋላችሁ?»

«ሲሙንና ሚሞሪውን እናወጣለን። ሲሙ ይጣላል፤ ሚሞሪው ጠረጴዛው ሥር የኒዶ ቆርቆሮ ውስጥ ይጠራቀማል። ሰው ስልኩን ሲሸጥ ውስጡን ማጥራት አያውቅም። ደበሌ ብቻውን ሲሆን ቁጭ ብሎ ያያቸዋል፣ ያዳምጣቸዋል። የሰው ጓዳ ማየት ይወድ ነበር።»

ፀሐይ ተነሳች። ፍፁም ያን ጊዜ ነው ዞሮ ያያት፤ ፊቱ የልጅ ነው።

«እህቴን አይተዋታል?» አለ። «ምሳዬ በሰው እጅ ይመጣል፤ እሷ ግን አትመጣም። አመማት እንዴ?»

«ደህና ናት» አለች ፀሐይ።

ከጣቢያ ወጥታ በቀጥታ ወደ ጓዳው ተመለሰች። ሳጅን አለሙን የኒዶውን ቆርቆሮ አሸክማ ወደ ቢሮ ላከችው፤ ሲመለስ ደግሞ «እዚህ ቁም፤ ስምህንና የአባትህን ስም ቀስ ብለህ ደጋግም፤ አትጩኽ» ብላው ወደ እታፈራሁ ክፍል ገባች። በኮምፔንሳቶው በኩል የሳጅኑ ስም፣ የአባቱ ስም፣ መሀል ላይም ያስነጠሰው ሳይቀር ጥርት ብሎ ተሰማ።

«ምንም አልሰማሁም ብለሽ ቃል ሰጥተሻል» አለች ፀሐይ።

«መኪናው ይጮኻል።»

«የእግር መኪና ነው። ይሄን ቀሚስ ደግሞ አየሁት፤ ስፌቱ መሀል ላይ ተቋርጧል። ከዚያን ቀን ወዲህ አልነካሽውም። የሠርግ ቀሚስ ነው፤ ባለቤቷ ትመላለሳለች፤ አንቺ ግን አትነኪውም። እዚህ ቦታ ስትደርሺ ምን ሰማሽ?»

«ከላዬ ላይ ውረጂ!» እታፈራሁ ጮኸች፤ አንቺ ማለቷ አልታወቃትም። «ምን አደረግንሽ? አደጋ ነው ተብሏል፣ እኛ ተቀብለናል፤ አንቺ ምን ቤት ነሽ?»

«ወንድምሽ ለምን አልመጣችም ብሎ ጠየቀኝ።»

እታፈራሁ የቀሚሱን ጫፍ በሁለት እጇ ጨበጠች። ከዚያ ተሸነፈች።

«ደበሌ ነው» አለች። «‹ይሄ ባትሪ ከፊቴ ይነሳልኝ አልኩ!› ብሎ ጮኸ። ከዚያ አንድ ነገር ዷ ሲል ሰማሁ፤ ግድግዳው ተንቀጠቀጠ። ከዚያ በኋላ ጭጭ። ትንሽ ቆይቶ መብራት መጣ፤ ፊት ለፊት ያለው ሙዚቃ ቤት በአንዴ ጩኸቱን ለቀቀው።»

«የወደቀው ሙዚቃው ከመጮኹ በፊት ነው? እርግጠኛ ነሽ?»

«በፊት ነው። ለዚያ አይደል እንዴ ዝም ያልኩት! መብራት ሳይመጣ ኮረንቲ ከየት ይመጣል? ሰው ነው የገደለው። ባትሪ ሲነካካ የሚውል ደግሞ ማን ነው?» ድምጿ ተቆረጠ። «አደጋ ይሁንለት ብዬ ነው። እባክዎ፣ እግርዎ ላይ ልውደቅ፣ አደጋ ይሁንለት።»

ፀሐይ አላጽናናቻትም፤ ማጽናናት አትችልበትም። ብቻ በሩ ላይ ቆም አለች።

«ነገ ሁላችሁንም ጓዳው ውስጥ እፈልጋችኋለሁ። ወንድምሽም ይመጣል።»

«ፊቱን ማየት አልችልም።»

«ትችያለሽ።»

በማግስቱ ጓዳዋ ውስጥ ሰው ከሰው ተጣበቀ። ፅጌ ጥቁሯን ለብሳ በአፍንጫዋ ትተነፍሳለች። ኑሪ በሩን ተደግፏል። አቶ ባዬ ለሽበታቸው ወንበር ተሰጥቷቸዋል። እታፈራሁ ኮምፔንሳቶው ሥር ቆማ መሬት መሬት ታያለች፤ ፍፁም በካቴና ከፊት ለፊቷ።

«የጠራችን ልታስታርቀን ነው?» አለች ፅጌ። «እኔ ከገዳይ ጋር አልቀመጥም።»

«ለቅሶው ላይ ተቀምጠሽ ነበር» አለች ፀሐይ። ወዲያው ድምጿን ከፍ አድርጋ «ሳጅን!» ስትል፣ ውጭ ቆጣሪው ጋ የቆመው አለሙ መብራቱን አጠፋው።

ድቅድቅ ሆነ። ፅጌ «ኢየሱስ!» አለች። ኑሪ ተሳደበ። ከዚያ እንደተለመደው ሁሉም ስልኩን አወጣ፤ የፅጌ በራ፣ የኑሪ በራ፣ የእታፈራሁም በራ። ወንበሩ ያለበት ጥግ ብቻ ጨለማ ሆኖ ቀረ።

«አቶ ባዬ፣ እርስዎስ?» አለች ፀሐይ።

«እኔ… የለኝም» አሉ።

«የምን የለኝም ነው?» አለ ኑሪ፤ ሊረዳቸው ብሎ። «ባትሪዎ የታለች? ያቺ ረጅሟ፣ ሦስት ድንጋይ የምትጎርሰው? ከኮትዎ ተለይታ አታውቅም እኮ!»

እታፈራሁ ቀና አለች። ኑሪ የተናገረውን አንዱን ቃል እንደ ያዘች አፏ ሳይዘጋ ቀረ።

«አዎ» አለች ፀሐይ። «ባትሪ። አሁን መብራቱን ክፈተው፣ ሳጅን።»

ሲበራ ሁሉም ዓይኑን አሸ፤ ሳጅን አለሙም በጀርባ በር ገብቶ ቆመ።

«በጥቂቱ ልንገራችሁ፤ እኔም ጉልበቴን ያመኛል» አለች። «ደበሌ ያለ መነፅሩ ስልክ መበየድ ቀርቶ የስልኩን ቀለም አይለይም። መነፅሩ ኪሱ ነበር። መበየጃውን እጁ ላይ ያስያዘው ሌላ ሰው ነው። ሁለተኛ፣ የወደቀው መብራት ሳይመጣ ነው። ይህን እታፈራሁ በጆሮዋ ሰምታለች፤ ደብቃን ነበር፣ ትናንት ነገረችኝ። ከመውደቁ በፊት ያለውንም ነግራኛለች። ‹ይሄ ባትሪ ከፊቴ ይነሳልኝ አልኩ!› ነው ያለው።»

«አላልኳችሁም!» አለች ፅጌ ወደ ፍፁም እየጠቆመች። «ባትሪ የማን ሥራ ነው?»

«አንቺ ነሽ መልሱን የሰጠሽኝ። ባልሽ የስልክ ባትሪን ምን ይለው ነበር?»

ፅጌ ጣቷ አየር ላይ ቀረ። «ድንጋይ» አለች በቀስታ።

«ድንጋይ። በሕይወቱ አንድ ቀን የስልኩን ባትሪ ባትሪ ብሎት አያውቅም፤ ደንበኛ እየሳቀበት እንኳ። በእሱ አፍ ባትሪ ማለት በእጅ ተይዞ የሚበራው ነው፤ ድንጋይ የሚገባበት። መብራት በጠፋበት፣ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ አንድ ሰው ፊቱ ላይ ባትሪ አብርቶበት ነበር። እና እስቲ ንገሩኝ፤ ከእናንተ ውስጥ ባትሪ ይዞ የሚዞር ማን ነው? አሁን አየናችሁ። ሁላችሁም በስልካችሁ ነው የምታበሩት።»

አቶ ባዬ ፈገግ አሉ። «ልጄ፣ ባትሪ ያለው ሰው ሁሉ ገዳይ ከሆነ የገጠሩን ሰው ሁሉ ማሰርሽ ነው። የእኔማ ከጠፋች ሰነበተች።»

«እውነት ነው፤ በባትሪ ብቻ አልከስዎትም። ንግግሩን ልብ ይበሉት። ደበሌ ለፍፁም ቢሆን ‹አንሳው› ይል ነበር። ለኑሪም ‹አንሳው›። ለሚስቱ ‹አንሺው›። ሲቆጣማ ይብስበታል። ከዚህ ሁሉ ሰው አንቱ ይለው የነበረው አንድ ሰው ነው፤ ለእሱ ደግሞ ‹ያንሱት› ማለት ነበረበት። እሱ ግን ‹አንሳው›ም ‹ያንሱት›ም አላለም፤ ‹ይነሳልኝ› አለ። አንተ እንዳይል አንቱ የለመደው ምላሱ አልታዘዘውም፤ አንቱ እንዳይል ደግሞ ንቆታል። ሲገባ የማይነሳለት፣ ግን አንተ ለማለት ገና ያልደፈረው ሰው ነበር ፊቱ የቆመው።»

 ኑሪ ከበሩ ላይ ቀስ ብሎ ተላቀቀ።

«ለምን ናቃቸው?» አለ። «ድምፁን ብትሰማው ያለኝ…»

«አቶ ባዬ አሮጌ ስልካቸውን ለደበሌ ሸጠዋል። ስልኩ የሚነጋገሩትን ሁሉ ሲቀዳ እንደኖረ አያውቁም ነበር። ደበሌ አዳመጠው። ከዚያ ወዲህ መነሳት ተወ፤ ከዚያ ወዲህ ተከራዩ አከራዩን ማዘዝ ጀመረ። ልቀቂ በላት ሲላቸው አሏት። የሚቀጥለውን ትእዛዝ ግን አልጠበቁም። ያን ቀን በጀርባ በር ገብተው ስልኩን ወሰዱ፤ ሚሞሪው ግን ቀድሞ ወጥቶ ኒዶው ቆርቆሮ ውስጥ ነበር። ሌሊቱን ሳዳምጠው ነው ያደርኩት። አላሰማችሁም። አምና ደህንነቶች ከዚህ ሰፈር የወሰዷቸው ልጆች ስም ነው ያለው፤ በእሳቸው አንደበት፣ ከነቤት ምልክታቸው።»

ኑሪ አንድ ድምፅ አወጣ። የእሱ ታናሽ ወንድም አምና ተወስዶ እስካሁን አልተመለሰም። ሳጅን አለሙ በሁለት እጁ ባይይዘው ኖሮ ወንበሩ ጋ ደርሶ ነበር። «ቤታችን ድረስ መጥተህ!» እያለ ጮኸ ኑሪ። «እናቴን እጇን ይዘህ ያጽናናሃት አንተ! አንተ!»

«ባትሪዋም ተገኝታለች» አለች ፀሐይ። «ጠዋት ከውሃ በርሜልዎ ሥር አውጥተናታል፤ ጠርዟ ጎድጉዷል።»

እስካሁን አንቱ ያልኩት ለሽበቱ ነው፤ ከዚህ ወዲያ እኔም አልችልም። ባዬ ከወንበሩ አልተነሳም። የለዘበው ንግግሩ በአንዴ ተገፈፈ።

«ሌባ ነበር!» አለ። «የሰው ስልክ እየበረበረ የሚኖር ሌባ! እድሩ ፊት አሰማዋለሁ አለኝ። አርባ ዓመት የተከበርኩበት ሰፈር ላይ! አስቀድሜ ቤቱ ድረስ ሄጄ ለምኜዋለሁ፣ ጉልበቱን ስሜዋለሁ፤ ሳቀብኝ። ምን ላድርግ? ጀርባውን ሲሰጠኝ በባትሪዋ መታሁት፤ ብረቱን ሶኬት ላይ ሰካሁት፣ አስያዝኩት። መብራቱ ሲመጣ ይጨርሰዋል አልኩ። ማን ያለቅስለታል? እስቲ ንገሩኝ፣ ከእናንተ ማን አለቀሰለት?»

ጥያቄው እውነት ነበረበት። ፅጌ ዓይኗ ደርቆ መሬቱን አየች። ፖሊሶቹ ባዬን ሲያወጡት ሰዉ መንገድ የለቀቀለት እንዳይነካው ነው።

ሳጅን አለሙ የፍፁምን ካቴና ፈታ። «ይቅርታ ወንድሜ» ሊል ፈልጎ «በል እንግዲህ» አለና ወጣ። ፀሐይም ሰላም ዋሉ ሳትል፣ እንደ ልማዷ፣ ተከተለችው።

ጓዳው ውስጥ እህትና ወንድም ብቻ ቀሩ። እታፈራሁ ልታቅፈው ሄዳ መሀል ላይ ቆመች።

«ፍፁሜ…»

«የሰማሽውን የመጀመሪያው ቀን ብትነግሪያቸው ኖሮ ያን ቀን እወጣ ነበር» አለ። እየጮኸ አልነበረም።

«ፈርቼ ነው። ላድንህ ብዬ ነው።»

«እኔ ነኝ ብለሽ ነው የፈራሽው። ገድሏል ብለሽ ነው ልታድኚኝ የፈለግሽው።» የእጁን አንጓ አሸት አሸት አደረገ። «ያ ሁሉ የላክሽው ምሳ ለገዳይ ነበር።»

እታፈራሁ ይሰድባታል፣ ይጮህባታል ብላ ጠበቀች፤ ብታለቅስና ብትለምነው እንደ ልጅነቱ ኩርፊያው አድሮ ይበርድለታል ብላ ጠበቀች። አላደረገም። የራሱን ጃኬት ከሚስማሩ ላይ አውርዶ ለበሰ፣ በሩንም ከፍቶ ጥግ ይዞ ቆመ፤ ለትልቅ ሰው መንገድ እንደሚለቀቀው።

«ቤት እንሂድ» አለች። «ምሳ ሠርቻለሁ።»

«እርስዎ ይሂዱ» አለ ፍፁም።

እታፈራሁ ማንን እንደሚያናግር ለማየት ወደ ኋላዋ ዞረች። ከኋላዋ ኮምፔንሳቶው እንጂ ማንም አልነበረም።